ድሬ ሆናችሁ ከቤት የምትሠሩ፣ ቀናችሁን እንዴት ነው የምትከፍሉት?

የደቻቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ወይም ሐረር ሆናችሁ ከቤት የምትሠሩ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ከቤት ስለመሥራት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። ሁሉም የአዲስ አበባን አየር አስቦ የጻፈው ነው የሚመስለው። ጠዋት 2 ተኩል ላይ ጠረጴዛሽ ላይ ተቀመጪ፣ ምሳሽን ብይ፣ ቀጥዪ፣ 11 ተኩል ላይ ዝጊ ይላል። ደቻቱ ላይ በግንቦት ይሄን የሞከረ ሰው 8 ሰዓት ላይ ራሱን ያዞረዋል።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ላለ አንድ አስመጪ ድርጅት ነው የምሠራው። እናቴ ስኳር አለባት። እሷን ለማስታመም ወደ ቤት ስመለስ አለቃዬ ሥራውን ይዤው እንድመጣ ፈቀደልኝ። ቢሮ ያለችው ልጅ ደረሰኞቹን ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልኛለች። እኔ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ አስገባለሁ፣ ከባንክ ስቴትመንት ጋር አመሳክራለሁ፣ ወር ሲዘጋ የቫትና የዊዝሆልዲንግ ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። ላጣው አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጠይቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከ6 ሰዓት በኋላ እሳት ይወርድበታል። ቬንትሌተሩ ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ ይነፋብኛል። ኮርኒስ ያለው ሳሎኑ ብቻ ነው። ሳሎኑ ደግሞ ከሰዓት የወንድሜና የጓደኞቹ ነው። ይቅማሉ፣ ይጫወታሉ። ቤቱ የሁላችንም ስለሆነ ውጡልኝ ማለት አልችልም።

ሌላው የቤት ሰው ነው። እናቴ ሥራዬን ትንቃለች ማለቴ አይደለም። ለሷ ግን ሥራ የሄደ ሰው ቤት ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ደርሰሽ ነይ ትለኛለች። ከሰል የሚያመጣው ልጅ መጥቷል ክፈዪው፣ አክስትሽ መጥታለች ሻይ አፍዪላት ትለኛለች። ድሪያ ለብሼ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ ያየኝ ሰው ሁሉ ፊልም የማይ ይመስለዋል። ጎረቤት ሳይቀር "ዛሬም ሥራ አልገባሽም?" ትለኛለች።

አለቃዬ የሚደውለው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ሙቀቱ በጣም በጠነከረበት ሰዓት። መብራት ከሄደ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ያልጨረስኩትን ማታ 4 ሰዓት ላይ እከፍትና እኩለ ሌሊት አልፎ እቆያለሁ። ጠዋት ደክሞኝ እነሳለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፣ የገባው ደረሰኝ ሲታይ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እናንተ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሠሩት? ቤተሰብን እንዴት አስረዳችሁ? ከሰዓትን ምን ታደርጉታላችሁ?

ነምበር ዋን

አቦ እህቴ አይዞሽ። ድሬ ላይ ከሰዓትን መታገል ከንቱ ድካም ነው። እኔ ዲዛይን ነው የምሠራው፣ ሎጎና ማስታወቂያ። ሐሳቤ የሚሰበሰበው ከምሳ በኋላ ስቅም ነው። ሳሎኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ግቢና ጥግ ያዢ። ወንድምሽም ደስ ይለዋል፣ አንቺም ከሙቀቱ ትገላገያለሽ። የምርቃና ሰዓት ሰው ጸጥ ይላል፣ ማንም አይረብሽሽም።

የከዚራው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኔን ቤት ነው ያየሁት። ዌብሳይት እሠራለሁ፣ ደንበኞቼ ጀርመን ናቸው፣ የምሠራው ከዚራ ከወላጆቼ ግቢ ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የአዲስ አበባን ሰዓት ከራስሽ አውጪ። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ድግሪ ተኩል አካባቢ ይለያያል። አለቃሽ 8 ሰዓት ላይ ሲደውልልሽ እሱ ሹራብ ለብሶ ሊሆን ይችላል። አንቺ ቆርቆሮ ሥር ነሽ። በሁለታችሁ መካከል ያለው የጉብዝና ልዩነት አይደለም፣ የከፍታ ልዩነት ነው። ይሄን እሱም ማወቅ አለበት፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ድሬ ራሷ እንዴት እንደምትሠራ ተመልከቺ። መጋላ ጠዋት በጊዜ ይከፈታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ይከፈታል፣ እስከ ማታም ይሸጣል። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው እዚህ ሲነግድ ኖሯል። መቼ እንደሚሠራ መቼ እንደሚያርፍ ያውቃል። እኛ ከቤት የምንሠራ ሰዎች ብቻ ነን ይሄን ትተን ከሌላ አገር የመጣ ሰዓት ቤታችን ውስጥ የምናስገባው።

የኔ ቀን እንዲህ ነው። ከሱብሂ አዛን በኋላ እነሳለሁ። 11 ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። እስከ 4 ሰዓት አልነሳም፣ ሻይ ካልሆነ በቀር። በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ባጃጁ ገና አልበዛም፣ ቴሌግራም አይጮህም፣ ጀርመኖቹም ተኝተዋል። ቢሮ ሲገቡ እዚህ በነሱ በጋ 4 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት 5 ሰዓት ይሆናል። ከነሱ ጋር የምነጋገረውን እስከ 6 ሰዓት እነጋገራለሁ። ከዚያ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ምሳ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሙሉ እንቅልፍ። 10 ተኩል ላይ ተነስቼ ሻወር ወስጄ እስከ 1 ሰዓት ቀላል ቀላሉን እሠራለሁ። ኢሜይል መመለስ፣ ፎቶ ማስተካከል፣ ለነገ ማዘጋጀት። ማታ ምንም አልከፍትም።

ላንቺ ሲመነዘር፣ ማመሳከሩንና የወር መዝጊያውን ንጋት ላይ አድርጊው። አንድ ቁጥር አልገጥም ብሎ ሰዓት የሚበላሽ ሥራ ንጹሕ ጭንቅላት ነው የሚፈልገው። ደረሰኝ ማስገባቱ እጅ እንጂ ጭንቅላት ብዙ አይጠይቅም፣ ለአመሻሽ ተዪው። አሁን ተገላብጦብሻል መሰለኝ። ጠዋት ቀላሉን ትጀምሪና ከባዱ በሙቀትና በእኩለ ሌሊት ይደርስሻል።

ሙቀቱን በተመለከተ። ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም። ላብሽን ያደርቃል፣ ላብ ሲደርቅ ነው ቆዳሽ የሚቀዘቅዘው። ክፍሉ ከ35 ድግሪ ሲያልፍ ከቆዳሽ የበለጠ የሞቀ አየር ነው የሚነፋብሽ። ስለዚህ ፊትሽንና ክንድሽን እርጥብ አድርገሽ ካልሆነ ብዙም አይረዳሽም። ላፕቶፕሽም እንዳንቺው ነው። ብዙ ላፕቶፖች የተሠሩት እስከ 35 ድግሪ ላለው ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከሰዓት ፒችትሪ ተንቀረፈፈብኝ ካልሽ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ወይም ትራስ ላይ አታስቀምጪው፣ የአየር መውጫው ይደፈናል። በሁለት ቁራጭ እንጨት ከጠረጴዛው ከፍ አድርጊው። ባትሪውንም ሙቀት ያስረጀዋልና ከሰዓት ቆርቆሮ ሥር ትተሽው አትሂጂ።

ኮርኒሱ ግን የግድ ነው። ቺፕውድ ባይሆን እንኳ እንደ ድሮ ቤቶች አቡጀዲ ወጥሪበት። የጋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን በጨረር ነው የሚያወርድብሽ። በመካከል ጨርቅ ሲገባ ያ ጨረር ቀጥታ አናትሽ ላይ አያርፍም። በጣሪያውና በጨርቁ መካከል ያለው የሞቀ አየር እንዲወጣ ግን በጎንና በጎኑ ክፍት ተዪለት። እናቴ ይሄን ከኔ በፊት ታውቀው ነበር፣ ልጅነቷን ያሳለፈችው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰብ። ይሄ ከሙቀቱ ይበልጣል። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ቤታችን ውስጥ ሥራ ማለት የደንብ ልብስ ለብሶ በበር መውጣት ነው። እኔ ሽርጥ አገልድሜ ስቀመጥ ማንም ሠራተኛ አላለኝም፣ ሊለኝም አይችልም። ሽርጥ ድሬ ላይ የዕረፍት ልብስ ነው። ስለዚህ ሥራ ስጀምር ሱሪ እለብሳለሁ፣ ስጨርስ ሽርጤን አገለድማለሁ። ያወጅኩት ነገር የለም። እናቴ ግን አሁን በሩን ከፍታ ሱሪ ካየች መልሳ ትዘጋለች። አንቺም ድሪያሽን ለከሰዓት አስቀምጪውና ንጋት ላይ ቢሮ የምትለብሺውን ልበሺ። ልብሱ ሥራ አያሠራም፣ ለሚያይሽ ሰው ግን ያለሽበትን ይነግረዋል።

ሰዓቱንም በአዛን ንገሪያቸው። ድሬ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዛን ይሰማል፣ የቀትሩን ዙሁር እንለዋለን። እኔ "እስከ ዙሁር ድረስ የለሁም በሉ፣ ከዙሁር በኋላ የናንተ ነኝ" ነው ያልኩት። 4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት ብል ይረሱት ነበር። ደግሞ የናንተ ነኝ ያልሽበትን ሰዓት በእውነት ስጫቸው። ቀፊራ መሄዱን አትተዪው፣ ሰዓት ስጪው። እናትሽ እንደማትረሻት ካመነች እንቅልፍሽን እንኳ ትጠብቅልሻለች። ስኳር ካለባት ምግቧና መድኃኒቷ ሰዓት አለው። የዕረፍትሽን ሰዓት ከዚያ ጋር ግጠሚው። አንዴ ስትነሺ ለሁለት ነገር ይሆንልሻል።

ለአለቃሽ ደግሞ ጻፊለት። አትደውዪ፣ ጻፊ። እንዲህ ብለሽ፦ "ጠዋት ከ11 ተኩል እስከ 4 ሰዓት የማመሳከሩን ሥራ እሠራለሁ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ስልክ አነሳለሁ። ከሰዓት 10 ተኩል ላይ እመለሳለሁ። የላካችሁልኝ ደረሰኝ ሁሉ በማግሥቱ 4 ሰዓት ላይ ገብቶ ታገኙታላችሁ።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ዋናዋ። አለቃ የሚጨነቀው ሥራው የት እንደደረሰ ስለማያውቅ ነው። መቼ እንደሚያገኘው ካወቀ 8 ሰዓት ላይ አይደውልም።

የሌሊቱን ሥራ ደግሞ ዛሬውኑ ተዪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ብሎ ነው የወሰነው። ቤት ያለ ሰው ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም። ራስሽ ቁጠሪ።

ነምበር ዋን ወንድሜ፣ ከቂም የተነሳ አይደለም የምቃወምህ። አብረን አንድ ከተማ ነው ያደግነው። ሎጎ ላይ የመጣ ሐሳብ ደስ ካላለህ ነገ ትቀይረዋለህ። ሂሳብ እንደዚያ አይደለም። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ቁጥር ልክ ይመስላል። አንድ ዜሮ ቦታዋን ብትስት የቫት ሪፖርቱ ውስጥ ነው የምትገኘው። ደግሞ ጫት የሚያነቃቃው ለትንሽ ሰዓት ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ዱካኩ አለ። ንጋት ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የእህታችን ጉልበት ያለው ንጋት ላይ ነው፣ እሱን አንውሰድባት።

የሳቢያን እናት

የከዚራው የጻፈው ጥሩ ነው፣ ግን እባካችሁ ንጋትን ለሁሉም ሰው አታድሉት። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ንጋት ላይ ቁርስ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ የጠፋ ካልሲ አለ። ልጆቹን ባጃጅ የሚወስዳቸው 1 ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊት የኔ የሚባል ደቂቃ የለም። እህቴ እናትሽን የምታስታምሚ ከሆነ ንጋቱ ላንቺም ላይመች ይችላል። ስኳሯን የምትለኪላት በባዶ ሆዷ ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቢበት።

የኔ ሥራ ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተቀዳውን ሰምቼ በአማርኛ እጽፋለሁ። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ጸጋ ነው፣ ሦስቱንም ቋንቋ ያለ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት። ግን የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ተናጋሪው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የተቀዳ ከሆነማ አታንሱት።

ስለዚህ እኔ በሰዓት አልቆጥርም። በደቂቃ ድምፅ ነው የምቆጥረው። ዛሬ ይሄን ያህል ደቂቃ እገለብጣለሁ ብዬ ማታ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ካለቀ አለቀ። 5 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ቀሪው የኔ ነው። አንቺም ደረሰኝ ቁጠሪ። "ዛሬ እስከ 11 ተኩል እሠራለሁ" የሚል ሰው 11 ተኩልን ይጠብቃል እንጂ አይሠራም። "ዛሬ ይሄን ማህደር እዘጋለሁ" ያለ ግን የሚጨርስበት አለው። የከዚራው ስለ ሰዓት ብዙ አወራ፣ እኔ ግን ሰዓት እንደ ቤቱ ሁኔታ የሚቀያየር ነገር ነው እላለሁ። ልጅ ያመመው ቀን የሰዓቱ ዕቅድ ጠዋት ላይ ይፈርሳል። የሥራው ብዛት የተጻፈበት ወረቀት ግን ይጠብቀኛል።

ፖሞዶሮ የሚባለውንም ሞክሪው፣ ግን ለደረሰኝ ማስገባቱ ብቻ። 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተማሪ እያለ በወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። ለኔ ሥራ በጣም ይስማማል። ጆሮ ይደክማልና። ለማመሳከሩ ግን አይሆንሽም መሰለኝ። የጠፋውን ቁጥር ልታገኚው ስትቃረቢ ሰዓቱ ከጮኸ እንደገና ከላይ መጀመር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎረቤቴ ጋር ሰዓት እንለዋወጣለን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ልጆቼ እሷ ጋር ናቸው። በሌላው ቀን የሷ ልጆች እኔ ጋ። ገንዘብ የለበትም። "ዛሬም ሥራ አልገባሽም?" የምትልሽ ጎረቤትሽን ቁጭ በይና አስረጂያት። ክፋት የላትም፣ ስላልገባት ነው። ለአንዷ በደንብ ከገባት ለሰፈሩ ሁሉ የምታስረዳልሽ እሷ ናት።

ምሳን ደግሞ ጠዋት ሥሪው። በ6 ሰዓት ሙቀት ላይ ምድጃ የምታነጂ ከሆነ ከሰዓቱ አለቀ በይው።

ጁገል

ከሐረር ነኝ። ለአስጎብኚ ድርጅት ኢሜይል እመልሳለሁ፣ ሆቴልና መኪና አስይዛለሁ። እኛ ጋ ሙቀቱ አያስቸግርም፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቦታና ብቸኝነት።

ኒኮላስ ብሉም የሚባል የስታንፎርድ ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ሲትሪፕ በሚባል የቻይና የጉዞ ኩባንያ ውስጥ ያደረገው ጥናት አለ። የስልክ ሠራተኞችን ለ9 ወር ከቤት አሠሩ። ሥራቸው በ13 በመቶ ጨመረ። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው ፈጥነው በመሥራታቸው አልነበረም፣ ዕረፍትና የሕመም ቀን ቀንሰው ረዘም ላለ ደቂቃ በመሥራታቸው ነው። ይሄን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ሰው የማይጠቅሰው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ወደ ቤት የተላኩት በፈቃዳቸው የተመዘገቡና ለብቻ የሚሠሩበት ክፍል ያላቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ ሙከራው ሲያልቅ ምርጫ ተሰጣቸው። ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ቢሮ ይገቡ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድምሽ ባለበት ሳሎን ውስጥ ሥራው አልገፋ ቢልሽ ራስሽን አትውቀሺ። በጥናቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመዘግቡሽም ነበር።

ክፍል ለሌለው ሰው የምመክረው ከኛ ቤት የማውቀውን ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ዋናው ክፍል አንድ ነው። ወለሉ ግን ከፍና ዝቅ ባሉ ነደባዎች፣ ማለትም መቀመጫ መደቦች፣ የተከፋፈለ ነው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ነው። ጊዲር ነደባ አለ፣ ጢት ነደባ አለ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። ግድግዳ የለም። ቦታው ግን የታወቀ ነው። አያቴ የተቀመጠችበት ላይ ማንም ልጅ አይወጣም ነበር። አንቺም የሳሎኑን አንድ ጥግ ያዢና ጠረጴዛሽ ሁልጊዜ እዚያው ይሁን። ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሩና ጠዋት ሳሎኑ ያንቺ ይሁን፣ ከሰዓት የሱ። እሱ ጠዋት አይፈልገውም፣ በርጫ የሚጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። ሰዓት ተካፈሉ እንጂ በቦታው አትጣሉ።

ለብቸኝነቱ ደግሞ፣ እኔ ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ከቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ አብረን እንቀመጣለን። እሱ የራሱን፣ እኔ የራሴን። ጠዋት ሆጃ እንጠጣለን፣ ከዚያ እስከ ምሳ ቃል አንነጋገርም። ከሰው ጋር ሆኖ ዝም ብሎ መሥራት ምን ያህል እንደሚያበረታ የሚያውቀው የቀመሰው ነው። ድሬ ላይ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች አይጠፉም። የሳቢያን እናት እንኳ እዚሁ አለችልሽ። ወር መዝጊያ ላይ ሙቀቱ ካስመረረሽም ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘመድ ካለሽ ሁለት ቀን መጥተሽ ዝጊና ተመለሺ።

የሳቢያን እናት

ጁገል እውነቱን ነው። የደቻቱ ልጅ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ቤቴ እስከ 6 ሰዓት ጸጥ ያለ ነው። ጠረጴዛም አለ፣ ኮርኒስም አለ።

የደቻቱ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከልቤ ነው። ይሄን ያህል ሰው ቁጭ ብሎ ይጽፍልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

የጁገልን ሐሳብ ለወንድሜ ነገርኩት። ሳሎኑ እስከ 6 ሰዓት ያንቺ ነው አለኝ፣ ምንም አልተከራከረም። እንዲያውም ጠረጴዛውን ራሱ አስገባልኝ። የእናቴን ስኳር የምለካው 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ስለዚህ 11 ላይ ተነስቼ አንድ ሰዓት ሠርቼ፣ ለክቼላት፣ ቁርሷን ሰጥቼ እንደገና እቀመጣለሁ። የሳቢያን እናት፣ ወረቀት ላይ የደረሰኝ ብዛት መጻፉን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። በውስጥ መስመርም ጽፌልሻለሁ፣ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፣ እናቴን አክስቴ ትይዝልኛለች። ለአለቃዬም መልእክቱን ላክሁ። መልሱ "ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰኝ መቼም ሥሪው" ነው። ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆነ።

ነምበር ዋን፣ ለሐሳብህም አመሰግናለሁ፣ ግን አልቅምም፣ ሂሳቡም አይፈቅድልኝም።

የቀረኝ መብራቱ ነው። ላፕቶፔ ባትሪው ሦስት ሰዓት ይይዛል። የሚቋረጥብኝ ዋይፋዩ ነው። ለዋይፋይ ብቻ ጄኔሬተር አልገዛም። ምን ታደርጋላችሁ?

ነምበር ዋን

ልክ ነሽ እህቴ፣ የኔ ሥራና ያንቺ ይለያያል። ለዋይፋዩ፣ ሁለት ሲም ያዢ። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የሞከረው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬ ላይ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምም አለ። አንዱ ሲደክም በሌላው ስልክሽን ሆትስፖት አድርገሽ ትቀጥያለሽ። ደረሰኝ ለመቀበል ብዙ ዳታ አይበላም። ፎቶዎቹ በራሳቸው እንዳይወርዱ ግን ቴሌግራም ላይ አውቶ ዳውንሎዱን አጥፊው።

የከዚራው

ነምበር ዋን ያለው ለድንገተኛ ይሆናል። ለዘወትሩ ግን ራውተሩን ራሱን በባትሪ አሠሪው፣ ቀላል ነው። ራውተሩን ገልብጪና ከሥሩ የተለጠፈውን አንብቢ። ብዙዎቹ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል። እንደዚያ ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ነው የሚበላው። ለሱ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፣ የመጽሐፍ ያህል ነው፣ ታይዋን ገበያ ጠይቂ። በራውተሩና በግድግዳው ሶኬት መካከል ይገባል፣ መብራት ሲሄድ ራሱ ይቀጥላል፣ ዋይፋዩ አይቋረጥም።

እሱን ካጣሽ የ12 ቮልት 7 አምፔር-አወር ደረቅ ባትሪ ይሠራል። 84 ዋት-አወር ይይዛል። ይሄ የሊድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ቶሎ ይሞታልና ግማሹን ብቻ ተጠቀሚ። ያም ሆኖ ራውተሩ እስከ መጨረሻ ቢበላ እንኳ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ ከላፕቶፕሽ ባትሪ ትንሽ ይበልጣል። ይሄኛውን ግን ራስሽ አታገናኚው። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ፊውዝ አስገብቶ ይሥራልሽ፣ ቻርጀሩም ለሊድ ባትሪ የተሠራው ይሁን። ራውተሩ ላይ 9 ቮልት ወይም 5 ቮልት የሚል ካየሽ ደግሞ ምንም ሳትገዢ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልኝ። 12 ቮልት ከሰጠሽው ይቃጠላል።